ፈተና ላይ አይመጣም

ኬሚስትሪ አስተማሪ ከሆንኩ ወዲህ መንገድ ላይ በሰላም ሄጄ አላውቅም። ሐኪም የሆነ ሰው ቢበዛ ወገብና ጉልበት ያሳዩታል። እኔን የሚያሳዩኝ ማንቆርቆሪያ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የማንም ቤት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ነው፤ ውሃችን ኖራ አለበት፣ ሲፈላ ኖራው ከታች ይቀራል፣ እየዋለ እያደረ ቅርፊት ይሠራል። ይህን ባጃጅ ውስጥ አስረድቻለሁ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር አስረድቻለሁ። አንዴ ጥርሴን ልነቀል አፌን ከፍቼ ተጋድሜ ሳለ ሐኪሙ ጠይቆኝ በእጄ ምልክት አስረድቻለሁ። ሰውየው አልገባውም።

ሳሙና አረፋ አልሰጥ ሲላቸው ከቀፊራ ገበያ የገዙት ሳሙና ፎርጅድ ነው ብለው ይመጣሉ። ሳሙናው ጤነኛ ነው፣ ኖራው ነው አረፋውን የሚከለክለው እላለሁ፤ አያምኑኝም። ወተት ከረፋዱ በፊት ለምን ይበላሻል? ሎሚ የመዳብ ሰሃን ለምን ያጸዳል? አንዷ ደግሞ ባሏ ታይዋን ከሚባለው ገበያችን የገዛላት የብር ሐብል አንገቷን ለምን አረንጓዴ እንደሚያደርገው ጠየቀችኝ። ባልየው አጠገቧ ቆሟል። መልሱን አውቀዋለሁ፣ ግን ትዳር አላፈርስም ብዬ በሙቀቱ አሳበብኩ።

አባቴ ባቡር ጋራዥ ውስጥ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነበር። ልጅ ሆኜ ብሎን ለምን ይዝጋል፣ ናፍጣ ውሃ ላይ ለምን ይንሳፈፋል እያልኩ ሳደርቀው አንድ ቀን እንኳ ተወኝ ብሎኝ አያውቅም። ግማሹን አያውቀውም፤ ግን ይመልስልኛል። ብረት የሚዝገው ሥራ ሲፈታ ነው ብሎኝ፣ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ አምኜው ኖሬያለሁ። ኬሚስትሪ የመረጥኩት በእሱ ምክንያት ይመስለኛል።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ደግሞ እኔም እሱን መሆን አማረኝ። ክፍሌ ውስጥ ስልሳ ምናምን ልጅ አለ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ ቤታቸው የሚያወሩት አንዱ ኦሮምኛ፣ አንዱ ሶማልኛ፣ አንዱ አማርኛ፤ መንገድ ላይ ሲወጡ ሁሉንም በአንድ ዓረፍተ ነገር። እጁን አውጥቶ በእንግሊዝኛ መጠየቅ የሚደፍር ሦስት ልጅ ቢገኝ ነው፤ እነሱም የሚጠይቁት መልሱን እንደሚያውቁ ለማሳየት ነው። ስለዚህ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ አምጥቼ ክዳኑን በቢላዋ ሰነጠቅኩና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩ። ጎኑ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ብዬ ጻፍኩበት። በፈለጋችሁት ቋንቋ፣ ስም ሳትጽፉ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ፤ ዓርብ ዓርብ የመጨረሻዋን ሩብ ሰዓት እመልሳለሁ አልኳቸው።

ጣሳው ሠራ። ሐሙስ ሲደርስ ሞልቶ አይዘጋም ነበር። ሶማልኛና ኦሮምኛውን የሚያውቁት ልጆች እየተነሱ ይተረጉሙልኛል፤ ሲሳሳቱ ሌላው ያርማቸዋል፤ ሩብ ሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ያኔ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ፣ «ዛሬ ዓርብ ነው መሰለኝ፣ ፊትህ ያስታውቃል» ትለኝ ነበር።

ከዚያ ዓመታት ሄዱ። የክፍሉ ጣራ ቆርቆሮ ነው፤ ማራገቢያው ከተበላሸ የቆየ ነው። ቤተ ሙከራ የምንለው ክፍል ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ግን ውስጡ ያለው ጽሑፉ የለቀቀ ጥቂት ጠርሙስና የተሰበረ ሚዛን ነው፤ ስለ ሙከራ የማስተምረው በአፌ ብቻ ነው። ፈተና እየከበደ መጣ። ልጆቹ መውደቅ ለመዱ። ከላይ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ የመጽሐፉ ስንተኛ ምዕራፍ እንደደረስኩ ነው። ጉሮሮዬ ከጠመኔው ደረቀ። ደከመኝ። ይህን የምለው ይቅርታ እንዲደረግልኝ አይደለም፤ እውነቱ ስለሆነ ነው።

ያቺን ቃል መቼ እንደጀመርኳት አላስታውስም። ወረቀቱን ከጣሳው አወጣለሁ፣ በዓይኔ ገረፍ አደርገዋለሁ፣ ከመጽሐፉ ውጭ ከሆነ «ፈተና ላይ አይመጣም» ብዬ ወደ ሱሪዬ ኪስ እከተዋለሁ። ክፍሉ ይስቃል። መጀመሪያ በሳምንት አንዱን ወይም ሁለቱን ነበር። በኋላ የሚመለሰው አንድ ሁለት፣ ኪስ የሚገባው ሌላው ሁሉ ሆነ። ልጆቹም ለመዱት፤ ወረቀት ሳነሳ እኔን ቀድመው በአንድ ድምፅ ይሉልኝ ጀመር። እኔም ቀልድ አዋቂ የሆንኩ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ግድግዳ የምትጋራን ጎረቤታችን ባለ ሱቅ ናት። ሶማሌ ናት፤ ባሏ ጅቡቲ መንገድ ላይ ጭነት መኪና ስለሚነዳ ቤቱን የያዘችው እሷ ነች። ማንበብና መጻፍ አልተማረችም፤ ሱቋ ውስጥ ግን ምን የት እንዳለ ዓይኗን ጨፍና ታነሳለች። እኔን የምትጠራኝ መዓሊን ብላ ነው፣ በእነሱ ቋንቋ አስተማሪ ማለት ነው። ድሬ ውስጥ አንቱታ የሚባል ነገር ብዙም የለም፤ ሽማግሌውም አንተ ነው፣ ሹሙም አንተ ነው። እሷ ግን «አንተ መዓሊን» ስትል አንቱ ከማለት የበለጠ ክብር ይሰማኛል። የባንኮኒው መስታወት ላይ ኖራ የቋጠረ የውሃ ጠብታ ካየች እንቅልፍ የማይወስዳት ዓይነት ሴት ነች። አንድ ልጅ አለቻት፤ ልጅቷ የእኔ ተማሪ ናት፤ ከመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ዝምተኛ ናት።

የከተማችን ሴቶች የመታጠቢያ ቤት ወለል እንዴት እንደሚያጸዱ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ስለሚመጣ። ኖራው ሸክላው ላይ ይጋገራል፤ በሳሙና አይነቃነቅም። ከቀፊራ በውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ፣ ምንም ሳይጻፍበት የሚሸጥ አሲድ አለ። እሱ ይደፋበታል፤ ኖራው እየተፍለቀለቀ ይለቃል። ከዚያ በደንብ በውሃ ይታጠባል። በመጨረሻ ወለሉ እንዲነጣና እንዲሸት በረኪና ይደፋል። ሥርዓቱ ይህ ነው። ግን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በርሜሉ ውስጥ ያለው ለመጠጥም ለምግብም ነው። መሐል ላይ ለማጠብ ሁለት ባልዲ ማፍሰስ ለሴቶቹ ኃጢአት ይመስላቸዋል። ስለዚህ መሐሉን የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው። አሲዱን ይደፋሉ፣ በረኪናውን ይደግማሉ፣ በመጨረሻ አንዴ ያጥባሉ። ሲሠሩ ያስላቸዋል። ጽዳት ያስላል ብለው ያልፉታል።

ዒድ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ዓርብ ነው፤ ከጁምዓ ሶላት በፊት ያለው የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ። ከክፍሉ ብዙው ጾመኛ ነው፣ ያልጾመውም በሙቀቱ ደንዝዟል። በዚያው ሳምንት ስለ ጋዞች አስተምሬያለሁ። ክሎሪን ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ እንደሚከብድ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስምሬበታለሁ፤ እሱ ፈተና ላይ ይመጣል። ከጣሳው አንድ ወረቀት አወጣሁ። በአማርኛ የተጻፈ ነው፣ ፊደሉ ትንንሽና የተጨነቀ፦

«አሲድና በረኪና አንድ ላይ ሲደፉ ለምን ያስላል?»

ከሥሩ ሌላ መስመር ነበር። አላነበብኩትም። መልሱን አውቀው ነበር፤ እንዲያውም መልሱ ሰሌዳው ላይ ከኋላዬ ተጽፎ ቆሟል። ዘወር ብዬ በጣቴ ብጠቁመው ይበቃ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ የታየኝ ከመልሱ በኋላ የሚመጣው ነው፦ እገሌ ይነሳል፣ ከኦሞ ጋርስ ይላል፣ ከልብስ ሳሙና ጋርስ ይላል፣ ሃያ ጥያቄ ይወለዳል፣ ደወሉ ይደወላል። ሰዓቴን አየሁ።

«ፈተና ላይ አይመጣም» አልኩ።

ሳቁ የጾመኛ ሳቅ ነበር፣ ለወጉ ያህል። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። የጎረቤቴ ልጅ አልሳቀችም። ዓይኗ ኪሴ ላይ ነበር። አየኋትና ደብተሬን ሰበሰብኩ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ማክሰኞ፣ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ በሚጋደምበት የቀትር ሰዓት፣ ሽርጤን አገልድሜ በረንዳ ላይ ምንጣፍ ላይ ተኝቻለሁ። የግቢው በር ተንኳኳ፣ ቀጥሎ ተገፋ። ልጅቷ ናት። ሻሿ ወልቆ ትከሻዋ ላይ ወድቋል።

«ቲቸር ና። ሆዮ መተንፈስ አቃታት። ሆዮ ወደቀች።»

ሆዮ እናቴ ማለት ነው። ባዶ እግሬን ሮጥኩ። ባለቤቴ ተከተለችኝ። ግቢያቸው ሳልደርስ ሽታው ጉሮሮዬን ያዘው፤ የበረኪና ሽታ ነው፣ ግን ጥርስ ያወጣ በረኪና። እናትየው መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ነች፤ ግማሽ አካሏ ከውስጥ፣ ግማሹ ከውጭ። አቧራ እንዳይገባ ብላ መስኮቱን ዘግታዋለች። ወለሉ ላይ አረፋው ገና ይፍለቀለቃል፣ ብሩሹ እዚያው ተጥሏል። ትንፋሼን ይዤ በብብቷ ገብቼ ጎተትኳት፣ ባለቤቴ እግሯን ያዘች፤ ጥላ ሥር አውጥተን ግድግዳ አስደግፈን አስቀመጥናት። ከንፈሯ ጠቁሯል። ትስላለች፣ ትስላለች፣ በመሐል የሚገባ አየር የለም። እጄን ይዛ ልትናገር ትሞክርና ሳሉ ይቀድማታል። ባጃጅ መጣ። የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ስንሻገር የምቆጥረው ትንፋሿን ነበር።

ሐኪም ቤት የተቀበለን ወጣት ሐኪም ምን እንደነካት ጠየቀ። ክሎሪን ነው አልኩት። አሲድና በረኪና ደባልቃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቁጢጥ ብላ ወለል ስትፈትግ ነበር፣ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ነው የሚተኛው፣ እሷም እዚያው ነበረች። አንድም ቃል ሳልሳሳት ነገርኩት። ሐኪሙ ደስ አለው። «ኬሚስትሪ አስተማሪ ነህ?» አለኝ። አዎ አልኩ። ኦክስጅን አደረጉላት። ዛሬና ነገ ካለፉ ተስፋ አላት፣ ሳንባዋ ግን ተቃጥሏል፣ ቶሎ ባታወጧት ኖሮ ያበቃላት ነበር አለ።

ይህ የመጨረሻው ቃል ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። ዘመድ አዝማዱ ኮሪደሩን ሞላው። አንድ አጎቷ ነኝ ያለ ሽማግሌ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ ዱዓ አደረገልኝ። ሴቶቹ፣ «የተማረ ጎረቤት ይስጥህ ማለት ይሄ ነው» ተባባሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ። ልጅቷ ከሰዎቹ ጀርባ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። አንዴ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ለማንም ምንም አልተናገረችም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ዒድ እናትየው አልጋ ላይ እያለች ገባ። ያም ሆኖ በትሪ የተከደነ ሩዝና ሥጋ ከዘመዶቿ ተላከልን። ለመዓሊን ብለው ነው። ባለቤቴ አቀረበችልኝ። አንድ ጉርሻ ጎረስኩና ትሪውን ገፋሁት፣ ሙቀቱ ነው አልኳት። ሙቀቱ በዚህች ከተማ ብዙ ውሸት ተሸክሟል።

ትምህርት እንደተከፈተ የመጽሐፉን ምዕራፍ ትቼ ሰሌዳው ላይ የቤት ውስጥ ኬሚካሎች ብዬ ጻፍኩ። በረኪና ከአሲድ ጋር አይደባለቅም። ከሎሚ ጋር አይደባለቅም። ከኮምጣጤ ጋር አይደባለቅም። መስኮት ይከፈታል። መሐል ላይ በውሃ ይታጠባል፣ በርሜሉ ቢያልቅም ይታጠባል። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለፈለፍኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት እኔን ነው። ልጆቹ ይጽፋሉ። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?»

ክፍሉ እንደለመደው በአንድ ድምፅ፣ «አይመጣም» አለልኝና ሳቀ። እስክሪብቶው አንድ በአንድ ሲቀመጥ ሰማሁ። ተቆጣሁ። እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም፤ ጠመኔውን መሬት ላይ ወርውሬ ሰበርኩት። ልጆቹ ደነገጡ። ምን እንዳጠፉ አላወቁም፤ እኔ ያስተማርኳቸውን ነው የመለሱልኝ። የጎረቤቴ ልጅ ከሦስተኛው ወንበር ተነስታ ስብርባሪውን ለቀመችና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው፣ ተመልሳ ተቀመጠች። በዚያ ሳምንት ዓርብ ጣሳውን ሳነሳው ቀለለኝ። ነቀነቅኩት። ምንም የለበትም።

ቤቴ ገብቼ ያቺን ወረቀት መፈለግ ጀመርኩ። ለምን እንደፈለግኳት በትክክል አላውቅም፤ ምናልባት ጥያቄው እኔ የማስታውሰው ዓይነት ባይሆን ብዬ ተስፋ አድርጌ ይሆናል። ሱሪው ታጥቧል። ባለቤቴን ጠየቅኳት።

«ኪስህ ውስጥ ያለውን ወረቀት እኔ መቼ ጥዬ አውቃለሁ?» አለችኝ። ከአልጋው ሥር የጫማ ካርቶን ጎትታ አወጣች። «ትፈልጋቸዋለህ ብዬ ነው። አንድ ቀን ትመልሳቸዋለህ ብዬ።»

ካርቶኑ ሞልቷል። የስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ። አልጋው ላይ ዘረገፍኩት። የመኪና ባትሪ ውሃ ለምን ልብስ ይበላል? ጨው ራሱ ለምን አይበላሽም? ጥርሴ ለምን ቡናማ ሆነ፣ ከውሃው ነው? ላብ ለምን ልብስ ላይ ነጭ ካርታ ይሠራል? አባቴ ከሰል ቤት ውስጥ ካደረ ይገድላል ይላል፣ አጎቴ ውሸት ነው ይላል፣ ማንኛቸው ልክ ነው? ይህችን መጨረሻ ያነበብኳትን ይዤ ቁጭ አልኩ። የማን ልጅ እንደጻፋት አላውቅም። ፊደሏን አላስታውሳትም፣ ዓመቷን አላስታውሳትም፣ ያ ልጅ ወይም ያቺ ልጅ አሁን የት እንዳለች አላውቅም። አጎትየው ቤት ማታ ማታ የሚነደው ምን እንደሆነም አላውቅም። ባለቤቴ ጎኔ ተቀምጣ እጇን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች። ዛሬም ድረስ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ያቺ የከሰሏ ወረቀት ነች።

የፈለግኳት ከክምሩ ሥር ነበረች፤ ካርቶኑ ውስጥ መጨረሻ የገባችው እሷ ስለሆነች። ዘረጋኋት። የመጀመሪያው መስመር እንደማስታውሰው ነው። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦

«የምትጠይቀው እናቴ ናት። ቲቸር ያውቃል ብላለች።»

እናትየው ከሐኪም ቤት ከወጣች ቀናት አልፈዋል፤ ሱቋን ከፍታለች። በግድግዳው በኩል ሳሏን እንሰማለን፤ ይመጣል፣ ይቆያል፣ ይሄዳል። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ቤቴ አልገባሁም። ሱቁ ውስጥ ገባሁ። ከባንኮኒው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ድርያ ቀሚሷ ሰፍቷታል። ልጅቷ መደርደሪያው ላይ ፓስታ ትደረድራለች። እኔን ስታይ እጇ ቆመ።

«አንተ መዓሊን» አለች እናትየው። ድምጿ የሌላ ሰው ነው፣ የሻከረ። «ና ቁጭ በል። አቦ ምነው ጠፋህ? ያወጣኸኝ ሰው መጥተህ አታየኝም?»

አልተቀመጥኩም። ወረቀቷን ባንኮኒው ላይ ዘረጋኋት። ማንበብ እንደማትችል ያኔ ትዝ አለኝና አነበብኩላት፣ ሁለቱንም መስመር። ዓርብ ዕለት ወረቀቷ እጄ እንደገባች፣ መልሱን እያወቅኩ ዝም እንዳልኩ ነገርኳት። ያወጣሁሽ እኔ ነኝ ይላሉ፣ ያስገባሁሽም እኔ ነኝ አልኳት። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።

እናትየው ሳሏ መጣባት። በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«አውቃለሁ» አለች። «ልጅቷ የዚያን ቀን ነግራኛለች። መዓሊን ምን አለ? አልኳት። ፈተና ላይ አይመጣም አለ አለችኝ።» ትንፋሽ ሰበሰበች። «እኔ ፈተናችሁን አላውቅም። ግን ወላሂ፣ ክፉ ነገር ቢሆን መዓሊን ዝም አይልም አልኩ። ቀላል ነገር ነው አልኩ። ከዚያ በፊት ሁለቱን አንድ ላይ መድፋት ፈርቼ ትቼው ነበር።»

ልትሰድበኝ ይገባ ነበር። ደንበኛ ልጅ ገባ፣ ሳሙና ጠየቀ፣ ልጅቷ ሰጠችው፣ ወጣ። እናትየው በርጩማዋን ወደ ባንኮኒው ሳብ አደረገች።

«እሺ፣ አሁን ንገረኝ» አለች። «ለምንድን ነው የሚያስለው?»

«ሁለቱ ሲገናኙ መርዝ ጋዝ ይወጣል» አልኳት። «ሳንባ ያቃጥላል። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ አንዱን ሳታጥቢ ሌላውን አትድፊ።»

ቀጥል በሚል ዓይን ጠበቀችኝ።

«ይሄ ብቻ ነው?»

«ይሄ ብቻ ነው።»

ልጅቷ ዘወር አለች። ከመደርደሪያው ላይ እስክሪብቶ አነሳች፣ ወረቀቷን ከፊቴ ወስዳ ገለበጠችና ያልኩትን ጀርባው ላይ ጻፈችው። እኔና እናቷ እጇን እናያለን። አራት መስመር እንኳ አልሞላም።